ከትራስ ሥር የተገኘ መጽሐፍ

እትዬ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስተኛ ወራቸው ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በነርስነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት የልጄን አልጋ ሲያነጥፉ ከትራሱ ሥር መጽሐፍ አገኙ። ከሰዓት በኋላ ቡና እየቆላሁ ሳለ መጽሐፉን ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። የተባባልነውን እንደማስታውሰው አስቀምጬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እትዬ፦ ይኼን መጽሐፍ ታውቂዋለሽ?

እኔ፦ አውቀዋለሁ። ያመጣሁለት እኔ ነኝ።

እትዬ፦ አንቺው ራስሽ? እንግሊዝኛውን እያዘገምኩ ጥቂት ገጽ ገፋሁበት። ደም የሚጠጣ ልጅ ታሪክ ነው! ደም በኦሪት ዘሌዋውያን የተከለከለ ነው፤ ሐዋርያትም ኢየሩሳሌም ላይ ተሰብስበው ካጸኗቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። እሑድ እሑድ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ልጅ ማታ ትራሱ ሥር ይኼን አድርጎ ይተኛል?

እኔ፦ ቁጭ ይበሉ እትዬ። ታሪኩን ልንገርዎትና ከዚያ ይፍረዱ። መጽሐፉ «የቭላድሚር ቶድ ዜና መዋዕል» የሚባለው ተከታታይ ልቦለድ የመጀመሪያው ነው፤ ስሙ «ኤይትዝ ግሬድ ባይትስ»፣ የታተመውም በ2007። ለየክፍሉ አንድ መጽሐፍ አለው። ከስምንተኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አምስት መሆኑ ነው፤ የመጨረሻው በ2010 ወጣ። ደራሲው ዛክ ብሩወር ይባላል፤ መጻሕፍቱ መጀመሪያ ሲወጡ ሽፋናቸው ላይ የነበረው ስም ሄዘር ብሩወር ነው። ተማሪ እያለ ልጆች ያሰቃዩት እንደነበር በየመድረኩ የተናገረ፣ ስለዚህም ጉዳይ ለወጣቶች ሲሟገት የኖረ ሰው ነው። መጽሐፉን ሲያነቡት ይኼ ይታወቃል።

እትዬ፦ ልጁስ?

እኔ፦ ቭላድ ይባላል፤ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። «ቶድ» በጀርመንኛ ሞት ማለት ነው። አባቱ ቫምፓየር፣ እናቱ ሰው ነበረች። በቫምፓየሮቹ ሕግ እንዲህ ያለ ጋብቻ ወንጀል ነው፤ ስለዚህ ልጁ ገና ሲወለድ ጀምሮ መኖሩ ራሱ ጥፋት ነው። ወላጆቹ ከሦስት ዓመት በፊት በቤት ቃጠሎ ሞተዋል። ፀሐይ እንዳታቃጥለው ቅባት ተቀብቶ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ነጭ ሽንኩርት አይስማማውም። ክፍል ውስጥ ዝምተኛ ነው፤ ጉልበተኞች ይገፈትሩታል፤ የሚወዳትን ልጅ ቀና ብሎ ለማየት ያፍራል።

እትዬ፦ ማን ያሳድገዋል ታዲያ?

እኔ፦ የእናቱ ጓደኛ። አክስቴ ይላታል እንጂ የሥጋ ዘመድ አይደለችም። ኔሊ ትባላለች። ነርስ ናት።

እትዬ፦ ነርስ ናት?

እኔ፦ አዎ። ደሙንም የምታመጣለት ከምትሠራበት ሆስፒታል ነው። ክፍል ውስጥ እንዳይታወቅበት ምግቡ ውስጥ ደብቃ ትቋጥርለታለች።

እትዬ፦ እንዴት እንዲህ ይጻፋል! ልጄ፣ አንድ ከረጢት ደም ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከ2 እስከ 6 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ በለመድነው መድኃኒት ከተያዘ 35 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ይጣላል። ሌሊት አንዲት እናት ወልዳ ደም ሲፈሳት ያቺ ከረጢት አለች ወይስ የለችም ነው ጥያቄው። ምትክ ስጡ ሲባል ስንቱ ዘመድ ነው ሹልክ ብሎ በበር የወጣው! እኔ ባዶ ማቀዝቀዣ ከፍቼ የቆምኩባቸው ሌሊቶች አሉ። እና አንዲት ነርስ ከዚያ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች?

እኔ፦ ልክ ነዎት። መጽሐፉ በዚህ ላይ ብዙ አይቆምም። ሊቆም ይገባው ነበር።

እትዬ፦ ልጁ ግን ያለ እሱ ይሞታል?

እኔ፦ ያለ ደም አይኖርም። እሷ ካላመጣችለት ደግሞ ከሰው አንገት ነው የሚፈልገው።

እትዬ፦ እንግዲያው ጨንቋት ነው። ጥፋት አይደለም አልልም፤ ግን የወለደችውም ልጅ አይደለም ብለሻል። ቀጥዪ። እሳቱን ቀንሺው፣ ቡናው እያረረ ነው።

እኔ፦ እኔን የያዘኝ ይኼው ምሳ ነው እትዬ። ልጄ ሁዳዴ ሲገባ ለጓደኞቹ ምን እንደሚላቸው ያውቃሉ? ቪጋን ነኝ ይላቸዋል። ጾም ምን እንደሆነ ማስረዳት ይከብደዋል፤ ቪጋን ሲል ግን ማንም ሁለተኛ አይጠይቀውም። ሐሰት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። ይኼን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ሲያነበው ያየሁት ለዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። የሚበላው ነገር ሌላ የሚመስልለት ልጅ ታሪክ ነው።

እትዬ፦ ቪጋን ይላል? ለኔ አልነገረኝም።

እኔ፦ ለኔም አልነገረኝም። አስተማሪው ነው የነገረችኝ።

እትዬ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድሮ ሲኒማ ቤት ያየሁት ቫምፓየር ካባ የለበሰ፣ በግንብ ቤት የሚኖር ሽማግሌ መስፍን ነበር። እንዴት ሆኖ ነው ደብተር ይዞ ስምንተኛ ክፍል የገባው?

እኔ፦ ረጅም መንገድ ነው የመጣው። መጀመሪያ መስፍንም አልነበረም፤ ገበሬ ነበር። በ1725 በሰርቢያ መንደር አንድ ገበሬ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ጎረቤቶቹ በቀናት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። መቃብሩ ተከፈተ፣ አስከሬኑ በእንጨት ተወጋ፣ ተቃጠለ። የኦስትሪያ ሹማምንት ያዩትን ጽፈው ላኩ፤ ወሬው በአውሮፓ ጋዜጦች ተበተነ። ነገሩ እየተደጋገመ ሲሄድ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1755 ነገሩን በራሷ ሐኪም በኩል አስመረመረችና መቃብር መክፈትን ከለከለች። ቫምፓየሩን መኳንንት ውስጥ ያስገባው በ1819 በታተመው አጭር ልቦለዱ ጆን ፖሊዶሪ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው፤ የገጣሚው የባይረን የግል ሐኪም ነበር። ከዚያ በ1897 የብራም ስቶከር «ድራኩላ» መጣ። ስለ «ድራኩላ» አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። መጽሐፉ በአብዛኛው የሰዎች ደብዳቤና የዕለት ማስታወሻ ነው። ጠበቃው ይጽፋል፣ እጮኛው ትጽፋለች፣ ሐኪሙ ይጽፋል። ድራኩላ ግን የራሱን ታሪክ አይጽፍም።

እትዬ፦ ተከሳሹ ቃሉን አልሰጠማ።

እኔ፦ አልሰጠም! ሰባ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ1976፣ አን ራይስ ቫምፓየሩን ጋዜጠኛ ፊት አስቀምጣ አናገረችው። ያን መጽሐፍ የጻፈችው ትንሽ ልጇ በደም ካንሰር ከሞተችባት በኋላ ነው። በታሪኩ ውስጥ ለዘላለም ሕፃን ሆና የቀረች አንዲት ልጅ አለች፤ ያን ክፍል አንብቤ መጽሐፉን ዘግቼ የተቀመጥኩበትን ቀን አልረሳም። ከዚያ ወዲያ በ1997 በቴሌቪዥን «ባፊ» መጣች፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆና ቫምፓየር የምታድን። በ2005 «ትዋይላይት»። በዚህ መካከል ነው ቫምፓየሩ ከውጭ በር የሚያንኳኳ ባዕድ መሆኑ የቀረው። ክፍል ውስጥ ወንበር ያዘ።

እትዬ፦ «ትዋይላይት»ን ሰምቻለሁ። እኛ ሆስፒታል የነበሩ ወጣት ነርሶች ሌሊት ተረኛ ሲሆኑ ፊልሙን ያዩት ነበር።

እኔ፦ ስቴፈኒ ማየር የምትባል የሦስት ልጆች እናት ናት የጻፈችው። በሰኔ 2003 በሕልሟ አንዲት ልጅና አንድ ቫምፓየር ጫካ ውስጥ ሜዳ ላይ ሲነጋገሩ አየች፤ በሦስት ወር ገደማ ጽፋ ጨረሰችው። ዝናብ የማያቋርጥበት ከተማ ፈለገች፤ ፀሐይ ከሌለ ቫምፓየሩ ቀን ወጥቶ መማር ይችላልና። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ፎርክስ የምትባል የእንጨት ቆራጮች ከተማ አገኘች። ራሷ ሳታያት ነው የጻፈችባት። አራተኛው መጽሐፍ በነሐሴ 2008 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ቀን 1.3 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። አራቱም ተደምረው ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል።

እትዬ፦ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው፣ የዚያኛው?

እኔ፦ ኤድዋርድ? ሲያዩት ዐሥራ ሰባት። የተወለደው ግን በ1901 ነው። በ1918 ቺካጎ ውስጥ በዚያ ዓለምን ባዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ሊሞት ሲያጣጥር አንድ ቫምፓየር ሐኪም ለወጠው።

እትዬ፦ የኅዳር በሽታ ነው በይኛ! እናቴ ከእናቷ የሰማችውን ስታወራ፣ አዲስ አበባ ሬሳ የሚቀብር ጠፍቶ ነበር ትለን ነበር። ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው ከዚያ ወዲህ ነው። እና ያ በኅዳር በሽታ የተኛ ሰው በዚህ በኛ ዘመን የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ያፈቅራል?

እኔ፦ ያፈቅራል። ሌሊት በመስኮት ገብቶ ተኝታ ያያታል። መጽሐፉ ይኼን እንደ ፍቅር ነው የሚነግረን።

እትዬ፦ ይኼ ፍቅር አይደለም። የመቶ ዓመት ሽማግሌ የልጅ ቆዳ ለብሶ። ይኼንን ነው ልጆች እንዳያነቡ መከልከል!

እኔ፦ እኔ አልከለክልም እትዬ፤ ጭቅጭቁን ግን ከእነሱ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚመጡት ሴቶች ልጆች ሲያነቡት እጠይቃቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ መስኮቱን ራሳቸው ያነሡታል። እኔን ከዚያ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። ኤድዋርድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ደጋግሞ ነው የሚማረው። ያውቀዋል ሁሉንም። ከተማ ይቀይራሉ፣ እንደገና ይመዘገባል፣ እንደገና ይመረቃል። ትምህርት ቤት ለእሱ መደበቂያ ነው እንጂ የትም አያደርሰውም። ቭላድ ግን ያድጋል። በየዓመቱ አንድ ክፍል ያልፋል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ጥፋቱ ይከብዳል፣ ጥማቱም ከእሱ ጋር ያድጋል። አምስቱን መጻሕፍት በተራ ሲደረድሯቸው የአንድ ልጅ ቁመት በግድግዳ ላይ በእርሳስ የተለካ ይመስላሉ። ዘላለማዊ ስለመሆን የሚያወሩ መጻሕፍት ናቸው፤ ልጁን የሚያስጨንቀው ግን የዛሬ ሳምንት የሚደረገው ጭፈራ ነው። ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እውነቱ ይኼ ነው።

እትዬ፦ የሚያነበው ልጅ ግን አንዱን ከሌላው የሚለይ ይመስልሻል? ደም መጣጭ የሚባል ነገር አለ ብሎ ቢያምንስ? ሰው እንደሚያምን አይቻለሁ።

እኔ፦ ያምናል፣ እውነት ነው። እዚሁ አሜሪካም አምነዋል። ከኛ በሰሜን በኩል ሮድ አይላንድ የምትባል ግዛት አለች፤ ኤክሰተር የምትባል የገበሬዎች ከተማ። አንድ ብራውን የሚባል ገበሬ ሚስቱ በ1883፣ ትልቋ ልጁ በ1884 ሞቱበት። ከዓመታት በኋላ ወንድ ልጁ ኤድዊን ታመመ፤ ከዚያ ሜርሲ የምትባለው ልጁ በጥር 1892 ሞተች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

እትዬ፦ በምንድን ነው የሚሞቱት?

እኔ፦ ይገምቱ። ይከሳሉ፣ ይገረጣሉ፣ ያስላቸዋል፣ ደም ይተፋሉ። አንዱ ሲሞት ሌላው ይጀምረዋል።

እትዬ፦ ቲቢ!

እኔ፦ ቲቢ። ጎረቤቶቹ ግን ከሞቱት አንዷ ከመቃብር የወንድሟን ደም ትመጥጣለች አሉ። አባትየው አላመነም፤ ለመንደሩ ሲል እሺ አለ። በመጋቢት ሦስቱን መቃብሮች ከፈቱ። እናትና ትልቋ ልጅ አጥንት ሆነዋል። ሜርሲ ሁለት ወር ያህል ብቻ ነበር ከሞተች፣ ያውም በክረምት፣ ከመሬት በላይ ባለ የድንጋይ ቤት ውስጥ። አልፈረሰችም። ልቧ ውስጥ ደም ተገኘ። ልቧንና ጉበቷን ድንጋይ ላይ አቃጠሉት፤ አመዱን በጥብጠው ለኤድዊን አጠጡት። በግንቦት ሞተ።

እትዬ፦ እግዚኦ! የመድኃኒቱን ነገር ተዪው፣ ያን ጊዜ አልነበረም። ኮክ የሚባለው ሐኪም የቲቢን ጀርም አይቶ ለዓለም የተናገረው ግን በ1882 መጋቢት ነው፤ በየዓመቱ ቀኑን እናከብረው ነበር እኮ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ወረቀት እየለጠፍን። ዐሥር ዓመት ሙሉ አልፎታል! ዐሥር ዓመት ሙሉ መልሱ ነበረ፣ ኤክሰተር አልደረሰም። እኔ ያየኋቸው ሕመምተኞች ስንቶቹ ናቸው በሽታውን ላለመናገር ብርድ ነው፣ ምች ነው እያሉ ሳንባቸው እስኪያልቅ የቆዩት። ዘመድ ይሸሸናል ብለው። ስድስት ወር ኪኒን ቢውጡ የሚድኑበትን።

እኔ፦ ስቶከር «ድራኩላ»ን ሲያዘጋጅ ከሰበሰባቸው ወረቀቶች መካከል በ1896 በኒው ዮርክ ጋዜጣ የወጣ፣ ስለነዚያ የሰሜን ገበሬዎች ቫምፓየሮች የሚያወራ ቁራጭ ተገኝቷል። እኔ ሜርሲን ሳስብ፣ ከዚህች አገር ወጣት ቫምፓየሮች አንዷ እሷ ነበረች እላለሁ። ምንም ያላደረገች የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። ለዚህ ነው ታሪኩ ወደ ክፍል መግባቱን የምወደው። በተከሳሹ ወንበር ተቀምጦ የሚነገር ታሪክ ነው። ምነው ዝም አሉ እትዬ?

እትዬ፦ አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ።

እኔ፦ ማን?

እትዬ፦ ስሟን አልነግርሽም፤ ልጆቿ ይኖሩ ይሆናል። ጎጃም ሳለን፣ አራተኛ ክፍል፣ አብራን የምትማር ነበረች። አባቷ ቀጥቃጭ ነው፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠራል። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። ቡዳ ናቸው ይባል ነበር። እናቴ እኔንና እናትሽን አንገታችን ላይ ክታብ አሥራ ነበር የምትልከን። አስተማሪው አጠገቧ እንድንቀመጥ ሲያዘን ማንም አይቀመጥም። በእረፍት ሰዓት ሁላችንም ዳቦአችንን ስናወጣ ነጠላ ተከናንበን፣ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ነበር የምንበላው፣ እንዳታየን። እሷ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ሄዳ ብቻዋን ትበላለች። እንጀራችን በማን ምጣድ ነበር የሚጋገረው? እናቷ በሠራችው። ወጣችን በማን ድስት? በእናቷ። አንድ ጊዜ የክፍላችን ልጅ ሆዱን አመመው። እሷ አየችው ተባለ። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣችም።

እኔ፦ ወዴት ሄደች?

እትዬ፦ አልጠየቅንም። እኔም አልጠየቅኩም። ነርስ ከሆንኩ በኋላ ነው ማታ ማታ የምትመጣብኝ። የዚያ ልጅ ሕመም ምን እንደነበረ አሁን ቢጠይቁኝ ወስፋት ነው እላለሁ፤ በአንድ ኪኒን የሚወጣ።

እኔ፦ እንግዲህ አዩ፤ የቭላድ መጽሐፍ የሚለው ይኼንኑ ነው።

እትዬ፦ አይደለም! እዚህ ላይ አልስማማም። አዳምጪኝ። ያቺ ልጅ ምንም አልነበረባትም። ዳቦ ነበር የምትበላው፣ እንደኛው። የናንተ ልጅ ግን እውነትም ጥርስ አለው፣ እውነትም ደም ይጠማዋል። ክፍሉ ቢፈራው የሚፈራው ነገር አለ ማለት ነው። መጽሐፉ፣ የተለየውን ልጅ አትፍሩት ለማለት ብሎ፣ የተለየው ልጅ በእርግጥ ሰው ሊበላ እንደሚችል አድርጎ ከሣለው፣ እኛ ባሕር ዛፍ ሥር ያባረርናትን ልጅ ምን ረዳት? እናቴስ የምትለው ይኼንኑ አልነበረም እንዴ፣ እሷ ሳትፈልገው ነው፣ ዓይኗ ነው የሚበላው?

እኔ፦ ይኼን አስቤው አላውቅም።

እትዬ፦ አስቢበት።

እኔ፦ እውነትዎን ነው። እንዲያውም የበለጠ የሚያረጋግጥልዎት ነገር ልንገርዎት። «ትዋይላይት» ውስጥ ከቫምፓየሮቹ ጋር የሚጣሉ፣ ተኩላ የሚሆኑ ወጣቶች አሉ። ማየር ለእነሱ የፈጠራ ስም አልሰጠቻቸውም። ኪሊዩት የሚባሉ፣ ከፎርክስ አጠገብ ላ ፑሽ በሚባል ባሕር ዳር የሚኖሩ የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ ዛሬም አሉ። ከጥንት የሚተርኩት የተኩላ አፈ ታሪክ አላቸው፤ የቫምፓየሩ ጦርነት ግን የደራሲዋ ነው። ስማቸው ሸሚዝ ላይ፣ ቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ተሸጠ። እነሱ በዚያን ጊዜ የሚጨነቁት በሌላ ነበር። ትምህርት ቤታቸው ውቅያኖሱ አፍ ላይ ነበር፤ ባሕሩ ቢያጥለቀልቅ ልጆቹ የሚሸሹበት ጊዜ አልነበራቸውም። ከፍ ያለ መሬት የሚሰጣቸው ሕግ የወጣው በ2012፣ ልጆቹ ኮረብታው ላይ ወደተሠራው አዲስ ትምህርት ቤት የገቡት በ2022 ነው። ስለ እውነተኛው ትምህርት ቤት ሳይሆን ስለ ልቦለዱ ትምህርት ቤት ነው ዓለም ያነበበው።

እትዬ፦ እንዲህ ነው የምልሽ። ሰው ላይ አውሬ ስትለጥፊበት አውሬው ነው የሚታወሰው።

እኔ፦ ግን ለቭላድ አንድ ነገር ልከራከርለት። ብሩወር የአንድን ሕዝብ ስም አልወሰደም። ከተማው ባቶሪ ነው፣ ጎረቤት ከተማው ስቶከርተን፤ ከድሮ የቫምፓየር ወሬ የተለቀሙ ስሞች ናቸው። ጥማቱንም እኔ እንደ ዘር ወይም እንደ ጎሣ ምልክት አላነበውም። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላ ከሰውነት ውስጥ የሚነሣ ነገር አለ። ቁጣ አለ፣ ፍላጎት አለ፣ አንድ ቀን ማንንም ሳልጎዳ ማደር ያቅተኝ ይሆን የሚል ፍርሃት አለ። ልጄ ባለፈው ወር ታናሽ እህቱን ገፍትሯት ከንፈሯ ሲደማ፣ ደሙን አይቶ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሁለት ሰዓት አልወጣም። ያን ቀን ይህን መጽሐፍ ይዞ ነበር። ሁለት ነገር ነው እንግዲህ እትዬ፤ ሰው በሐሰት የሚለጥፍብህ አለ፣ አንተው ውስጥ ያለ አለ። ብሩወር ሁለቱን በአንድ ልጅ ላይ አሰረ፤ እርስዎ እንዳሉት እዚያ ላይ ይሰነጠቃል።

እትዬ፦ ይኼ ይገባኛል። ገፍትሯት የገባ ዕለት እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የጓደኞቹስ ነገር? ክፍሉ አውቆበታል?

እኔ፦ አንድ ልጅ ብቻ ያውቃል፣ ሄንሪ የሚባል። በስምንት ዓመታቸው ሲጫወቱ ቭላድ ነክሶታል። እዚህ ላይ ደግሞ እኔ የማልወደው ነገር አለ፤ በቫምፓየሮቹ ሥርዓት የተነከሰ ሰው ለነካሹ ታዛዥ ይሆናል። ስለዚህ ሄንሪ ጓደኛ ነው ወይስ አገልጋይ የሚለው ጥያቄ አምስቱንም መጻሕፍት ይከተላቸዋል። በሁለተኛው መጽሐፍ አዲስ ጓደኛ ይመጣል፣ የሄንሪ ዘመድ ነው፣ ቭላድ ይወደዋል። ያ ልጅ ቫምፓየር አዳኝ ሆኖ ይገኛል፤ በእንጨት ይወጋዋል። ልጄ እዚያ ሲደርስ ራት አልበላም።

እትዬ፦ ተወግቶ ዳነ?

እኔ፦ ዳነ። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ትምህርት ቤት፣ ጓደኛው ስላደረገው ነገር እያሰበ ይማራል። ኔሊም ምሳውን ትቋጥርለታለች።

እትዬ፦ ሁለተኛውን ቅጂ። ልጁ መጣ መሰለኝ፣ በሩ ተንኳኳ። ና ወዲህ የኔ ልጅ። ጫማህን አውልቅ። አትደንግጥ፣ መጽሐፍህን አልወስድብህም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይኼ ቭላድ የምትሉት ልጅ፣ ትምህርት ቤት ምሳውን ከማን ጋር ነው የሚበላው?

ልጄ፦ ከሄንሪ ጋር፣ እማማ።

እትዬ፦ ሄንሪ ምን እንደሆነ እያወቀ?

ልጄ፦ እያወቀ።

እትዬ፦ ታዞ ነው ወይስ ወዶ?

ልጄ፦ ወዶ ይመስለኛል።

እትዬ፦ ምሳ የሚበሉበትን ቦታ ታገኝልኛለህ? በል እዚህ ቁጭ በልና አንብብልኝ። በእንግሊዝኛ አይደለም፤ ወደ አማርኛ እየመለስክ፣ ቀስ ብለህ።